ያልተሰበረው ቡሽ

ጡረታ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ «ስልሳ ሞላህ» ብሎ በደብዳቤ አሰናበተኝ፤ ሁለተኛ ደግሞ ዘንድሮ ጉልበቴ አሰናበተኝ። የመጀመሪያውን ከቁም ነገርም አልቆጠርኩት። በሳምንቱ መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ጋራዥ ተከራይቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጉልበት ግን ይግባኝ አይባልበትም። መኪና ሥር ገብቶ በራሱ መውጣት ያቃተው መካኒክ የሚቀረው ወሬ ብቻ ነውና እስቲ ላውራ።

መካኒክ ሲባል ሰው ሁሉ ሞተር ብቻ ይመስለዋል። ሞተርማ ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ራሱን ያስተዋውቃል። እኔ የመሪና የእግር ሰው ነኝ። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ጎማው እስኪታዘዝ ድረስ በመሃል ያለው ሁሉ የኔ ግዛት ነበር። ከዚያ ግዛት ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የምወደው ቡሽ ነው። ቡሽ ማለት ብረት ከብረት በሚገናኝበት ቦታ መሃል የሚገባ፣ ከስኒ የማይበልጥ የላስቲክ ቀለበት ነው። መንገዱ የሚሰነዝረውን ዱላ የሚቀበለው እሱ ነው። ሲያልቅ መኪናው ይንኳኳል፣ መሪው ይዋልላል፣ ሹፌሩም «መኪናዬ ሰከረ» ብሎ ይመጣል። በዚህች ቁራጭ ላስቲክ ላይ መቀሌ ውስጥ ከኔ የሚበልጥ ሰው አልነበረም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ያላመነ ይጠይቅ።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከሙያ ትምህርት ቤት ወጥቼ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ስቀጠር የደረሰኝ ምደባ መቀሌ ሆነ። እናቴ «ሁለት ዓመት ናት፣ ቻላት» ብላ ሸኘችኝ። ሁለቱ ዓመት እንዴት ዕድሜ ልክ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ባለቤቴን ለተብርሃንን ይጠይቅ። ስለ ደሞዙ ባላወራ ይሻላል፤ የወር ደሞዜን ሰምተው የአማቶቼ ዘመዶች ለተብርሃንን «እርግጠኛ ነሽ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀዋታል። አለቆችም ብዙ አየሁ። አንዱ የብሎን መጠየቂያ በሦስት ኮፒ ካልመጣለት የሚታመም ነበር። ሌላው ከግብርና የመጣ ሲሆን መኪና ታጥቦ ካልቀረበ አያይም፤ ታጥቦ ሲቀርብለት ደግሞ «ደህና ነው እኮ፣ ምን ሆነ ትላላችሁ?» ይላል። ሁሉም መጥተው ሄዱ። ያልሄደብኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም አያ ካሕሳይ።

አያ ካሕሳይ የጋራዡ ዋና መካኒክ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጣ ድምፁን የሚቀንስ ሰው። መኪና ሲመጣለት «ምን ሆነ?» ብሎ አይጠይቅም። ሹፌሩን አጠገቡ ያስቀምጥና «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የት ነው የምትሄደው? ምን ትጭናለህ? ፍሬን የምትይዘው ቀድመህ ነው ወይስ ስትደርስ?» ይለዋል። ሹፌሮች ይናደዱ ነበር። «መኪናው ነው የታመመው፣ እኔ አይደለሁም» ይሉታል። እሱ ግን መልሱን ሳይሰማ ቁልፍ አያነሳም።

ሌላም ልማድ ነበረው። ያለቀ ቡሽ ሲያወጣ አይጥለውም። ሞርሳ ላይ አስሮ በሴጌቶ፣ በብረት መጋዙ፣ ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ ውስጡን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ያነበዋል። «ይሄ ከጎን ተመትቶ ነው ያለቀው። ይሄኛው ደግሞ ወደኋላ ተጎትቶ። ይሄ ግን ዘይት ጠጥቶ ነው የሞተው፤ ሞተሩን ሂድና እይ፣ ያንጠባጥባል» ይለኛል። ሄጄ ሳይ እውነትም ያንጠባጥባል።

ገና በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር አንድ ላንድክሩዘር ላይ አዲስ ቡሽ ገጠምኩ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው እያለ ብሎኖቹን ሁሉ ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኋቸው። አያ ካሕሳይ መጣ፣ አየ፣ ሁሉንም ፈታቸው። ከዚያ ለምሳ ስንቀመጥ «ጌታሁን፣ አንገትህን ወደ ግራ አዙር» አለኝ። አዞርኩ። «እንደዚያ እንዳለህ ምሳህን ብላ።» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። ወጡን በግምት እያጠቀስኩ፣ ግማሹን ሱሪዬ ላይ እያፈሰስኩ ምሳዬን ጨረስኩ። አንገቴን ስመልሰው እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። «በል እንግዲህ፣ ላስቲኩንም እንዲህ ተጠምዝዞ ዕድሜውን እንዲጨርስ ነው የፈረድክበት። መጀመሪያ መኪናው በራሱ እግር ይቁም፣ ክብደቱ ይረፍበት፣ ከዚያ አጥብቅ» አለኝ። ያን ቀን የተማርኩትን እስካሁን ለማንም በቃል አስተምሬ አላውቅም፤ የማስተምረው አንገት በማስዞር ነው።

አያ ካሕሳይ ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። ጋራዡም ለኔ ተረፈ። ለመሥሪያ ቤቱም ለትራፊክ ፖሊስም የአደጋ መኪና የሚመረምረው ጌታሁን ሆነ። ፊርማዬ ከተቀመጠበት ወረቀት ላይ ዳኛ እንኳ ጥያቄ አያነሳም ነበር።

ከዚያ መንገዱ የተዘጋ ጊዜ መጣ። ባንክ የለም፣ ስልክ የለም፣ ነዳጅ የለም፣ መለዋወጫማ በሕልምም የለም። እኔ ያኔ የራሴን ጋራዥ ከፍቼ ነበር። አንድ ቀን የአምቡላንስ ሹፌር እያለቀሰ መጣ፤ መሪው አልታዘዝ ብሎት ወላድ ይዞ ገደል ሊገባ ነበር። ቡሹ ዱቄት ሆኗል። ከየት ላምጣለት? ጋራዤ አጠገብ ያለው ሥጋ ቤት ሥጋ አጥቶ ከተዘጋ ሰንብቷል። ባለቤቱን ለመንኩና የሥጋ መክተፊያውን፣ ያንን ወፍራም ነጭ ፕላስቲክ ገዛሁት። ቶርኖ ቤት ወስጄ አስቆረጥኩት፣ መሃሉን አስበሳሁት፣ የብረት ቱቦ አስገባሁበትና ገጠምኩት። አምቡላንሱ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ሠራ። ወሬው ተሰማ፣ የከተማው መክተፊያ ሁሉ እኔ ጋ መጣ። ላንድክሩዘሩ፣ አይሱዙው፣ የውኃ ቦቴው፣ ሁሉም በመክተፊያ ሄደ። «የጌታሁን ቡሽ አይሞትም» ይባል ጀመር። እውነቴን ነው፣ ልቤ አበጠ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ጠንካራ የናይሎን ዘንግ ከአዲስ አበባ እያስመጣሁ ያንኑ ቀጠልኩ። ላስቲክ የሚያስገባ ሰው አላዋቂ መስሎ ይታየኝ ጀመር።

ፍፁም የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ፍፁም የሰርግ ሹፌር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ከእናቱ ጋር ይኖራል። ያለችው ንብረት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣራዋ ወደኋላ የምትታጠፍ የስፖርት መኪና ነች። ከሚኖርበት ክፍል መኪናዋ ሳትሰፋ አትቀርም። ሙሽሮች ከኋላ ከፍ ብለው ተቀምጠው እጃቸውን ሲያወዛውዙ በከተማው ውስጥ እሷን የምታህል አልነበረችም፤ የሰርግ ቀን የሚቆረጠው የፍፁም መኪና ባዶ መሆኗ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ይባላል። እሱና እናቱ የሚበሉት ከዚህችው መኪና ነው።

«አያ ጌታሁን፣ መኪናዋ መሪውን ዛሬ ባዞረው ነገ ነው የምትሰማኝ» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ እሽቅድምድም መኪኖች ላይ ላስቲኩ ወጥቶ ጠንካራ ቡሽ ሲገባ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየኝ። «እንደዚህ ይሁንልኝ። እንደ ምላጭ።»

«ልጄ፣ ስልክህን ኪስህ ክተት። እነሱ ይህን ሳይጀምሩ እኔ በሥጋ መክተፊያ ሠርቼዋለሁ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

ሥራው ግሩም ነበር፣ አልዋሽም። ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙትን የፊቱን የታች ክንዶች አወረድኩ። ያረጁትን ላስቲኮች በሞርሳ ገፍቼ አወጣሁ፣ ቡሹ የሚገባባቸውን የፊትና የኋላ ዓይኖች በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ በካሊበር ለካሁ። ናይሎን ሲቆረጥ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ያብጣል፤ ቀዝቅዞ ያልለካ ሰው ይሸወዳል። እኔ ሦስት ጊዜ እያቀዘቀዝኩ ለካሁ። የመሪው ሳጥን የሚታሰርበትንም ላስቲክ አውጥቼ በናይሎን ለወጥኩት። ቅባት የሚይዝበት ቦይ ቆረጥኩለት። መኪናዋን አውርጄ፣ ሁለት ሰው አስቀምጬ፣ በራሷ እግር ከቆመች በኋላ አጠበቅሁ። ፍፁም ለሙከራ ይዟት ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «ሳስበው ትዞራለች!» አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ያላደረግሁት ሁለት ነገር ነው። ያረጁትን ቡሾች ሳልሰነጥቅ ቁርጥራጭ በርሜል ውስጥ ወረወርኳቸው። ፍፁምንም አጠገቤ አስቀምጬ «እንዴት ነው የምትነዳት?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ጌታሁንን ሰው ይጠይቀው እንጂ እሱ ማንን ይጠይቃል፣ እንዲያ ነበርኩ።

በመቀሌ ሰርግ ላይ ቆማችሁ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ቪዲዮ የሚቀርጸው በፒክአፕ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ከፊት ይሄዳል፣ የሙሽሮቹ መኪና ከኋላው ይከተላል፣ አጃቢው ጥሩምባ ይነፋል። ቀራጩ እጁን ሲያነሳ የሙሽሮቹ ሹፌር መኪናውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ መኪናው የሚጨፍር ይመስላል። ወዲያው ፒክአፑ ቀጥ ይላል፣ ሹፌሩም አብሮ ፍሬን ይይዛል። ይህን በየሳምንቱ፣ በየኮብልስቶኑ ይደግሙታል። ጥሩ ሹፌር የሚባለው ይህን የሚችል ነው፤ ፍፁም ደግሞ ዋናቸው ነበር።

መኪናዋን ከሠራኋት ሰባት ወር ሆነ። አንድ እሑድ ሙሽሮቹ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ፎቶ ተነሥተው ቁልቁል ሲወርዱ ቀራጩ እጁን አነሣ። ፍፁም ወደ ግራ አወዛወዘ፣ ወደ ቀኝ አወዛወዘ፣ ፍሬን ያዘ። የቀኙ ጎማ ወደኋላ ታጠፈና መኪናዋ ከድንጋይ ግንብ ጋር ተላተመች። የሙሽራዋ ግራ ክንድ ተሰበረ። ሙሽራው በጭረት ተረፈ። የፍፁም ጭን ለሁለት ተሰበረ። ቪዲዮው በማግስቱ በሁሉም ሰው ስልክ ላይ ነበር። ሰው ሲፈርድ ምን ይቸግረዋል? «ሲቀብጥ ሙሽራ ሊገድል!» አሉት። መንጃ ፈቃዱ ተያዘ፣ ክስ ይጠብቀው ጀመር።

ትራፊክ ፖሊስ መኪናዋን እንድመረምር እኔን ጠራኝ። ለሳጅኑ «የሠራኋት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይሻልም?» አልኩት። «ካንተ በላይ ማን ያውቃታል? ግባና እይልኝ» አለኝ። ሳጅኑ ደግ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ ሌላ መርማሪ ፍለጋ ደብዳቤ መጻፍ አልፈለገም። ገባሁ።

ክንዱ የሚታሰርበት የኋለኛው ማቀፊያ ከመኪናዋ አካል ላይ እንደ ካርቶን ተቀዶ ወጥቷል። የስንጥቁን ጠርዝ በባትሪ አየሁት። ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ያብለጨልጫል። የሚያብለጨልጨው የእሑዱ ነው። የጠቆረው ግን ከወራት በፊት የጀመረ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተሰነጠቀ የመጣ ነው። በተቀደደው ብረት መሃል የኔ ቡሽ አለ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ትናንት የገባ ይመስላል።

ሳጅኑም ጎንበስ ብሎ አየ። «ዋይ አያ ጌታሁን! ይሄ ሁሉ ብረት ሲቀደድ ያንተ ፕላስቲክ ጭረት እንኳ የለውም! እጅህ ይባረክ!» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እዚያው ተንጋልዬ እንዳለሁ ሁሉ ነገር ገባኝ። የላንድክሩዘርና የአይሱዙ ሻንሲ ወፍራም ብረት ነው፤ ጠንካራ ቡሽ ብትገጥምበት ዱላውን ይችላል። የዚህች መኪና አካል ግን ስስ ቆርቆሮ ነው። የኋለኛው ቡሽ ለስላሳ የሆነው ሠሪዎቹ ሰንፈው አይደለም። ፍሬን ሲያዝ ክንዱ ትንሽ ወደኋላ እንዲል፣ ዱላው ላስቲኩ ላይ እንዲቀር ነው። እኔ ያንን ከለከልኩት። ቡሼ አልበላም ያለውን ዱላ ሁሉ ቆርቆሮው በላው። ቡሹ ተሰባብሮ ቢገኝ ኖሮ ዱላውን ተቀብሏል ማለት ነውና ጥፋቱ የፍፁም ሊሆን ይችል ነበር። ሳይሰበር መገኘቱ ነው ጥፋቱን የኔ ያደረገው። ይህን የሚያውቅ ደግሞ በዚያ ግቢ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ወጣሁ፣ እጄን ጠረግሁ፣ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ፦ «የእግርና የመሪ ቡሾች በሙሉ ሳይሰበሩ ተገኝተዋል።» ፈረምኩ። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኩት ሁሉ የማፍርበት ግን ያ ዐረፍተ ነገር ነው። ሰው በስህተቱ አይፈረድበትም፤ ማንም ይሳሳታል። እኔ ያን ቀን አልተሳሳትኩም፣ አውቄ ነው ያደረግሁት።

ጋራዥ እንደተመለስኩ በርሜሉን ገልብጬ አሮጌውን ቡሽ ፈለግሁት። ሞርሳ ላይ አስሬ በሴጌቶ ሰነጠቅሁት። ውስጡ ከፊትና ከኋላ ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ ጉድባ ነበረው፤ ላስቲኩም የተቀደደው በዚያው በኩል ነው። ከሰባት ወር በፊት ሁለት ደቂቃ ሰጥቼ ብሰነጥቀው ኖሮ ሁሉን ይነግረኝ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔም ዝም አልኩ። ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁ፦ ልጁም እኮ አወዛውዟል፤ ጠንካራ ይሁን ያለውም እሱ ነው፤ እኔ ስሜ ከጠፋ በስተርጅና ማን ይመጣልኛል? በዐሥረኛው ቀን ለተብርሃን «ምግብ አትበላም፣ ጥርስህን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። መጀመሪያ «እና ቡሹ ካልተሰበረ አንተ ምን አገባህ?» አለች። ደግሜ አስረዳኋት። ይህን ጊዜ «ወይለይ! እንግዲያው ያ ልጅ ባንተ ኃጢአት ንስሐ እየገባ ነዋ» አለችኝ። በዚያን ምሽት እኔን ማናገር አቆመች።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ባጃጅ ጋራዤ በር ላይ ቆመና ፍፁም በሁለት ክራንች ተደግፎ ወረደ። ከስቷል። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።

«አያ ጌታሁን፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለኝ። «እንደዚያ ተጠብበው የሠሩትን ሥራ አበላሸሁብዎት። ሽማግሌ ወደ ሙሽራዋ ቤት ልኬያለሁ፤ እናቴም ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እያለቀሰች ነው። እርስዎ ግን ቀርተውብኝ ነበር። ሳጅኑ ነግሮኛል፣ የእርስዎ ቡሽ ጭረት እንኳ የለውም አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

የሰነጠቅሁትን ቡሽ ከመሳቢያ አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቆርቆሮውን፣ የጠቆረውን ስንጥቅ፣ ወረቀቱን፣ ዐሥራ አንዱን ቀን።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለኝ።

«ያየሁ ዕለት።»

«ያዩ ዕለት!» አለ። «እኔ የዚያችን ልጅ ጩኸት እየሰማሁ ነው የማድረው። ሰው ልገድል ነበር እያልኩ ዓይኔን መክደን አልቻልኩም። እርስዎ እዚህ ቁጭ ብለው ያውቃሉ?» ቡሹን ወረወረው፤ ግድግዳውን መትቶ ወደቀ። «እንደ አባቴ ነበር የማይዎት» አለና እየተንገዳገደ ወጣ። ላግዘው እጄን ብዘረጋ ክራንቹን አነሣብኝ። ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

ጋራዡን ሳልዘጋ ሄድኩ። ሳጅኑ ፊት አዲስ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ የማቀፊያው ብረት የተቀደደው እኔ የገጠምኩት ቡሽ ለዚህ መኪና ከሚገባው በላይ ጠንካራ በመሆኑ ነው፤ ስንጥቁ ከአደጋው በፊት የጀመረ ነው፤ ሹፌሩ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ይህን በመጀመሪያው ወረቀቴ ላይ እያወቅሁ አልጻፍኩም። ሳጅኑ አነበበው። እንደገና አነበበው።

«አያ ጌታሁን፣ የምትፈርመው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አዎ፣ ዘንድሮ ገና አወቅሁ።»

«አሁን ሁለት ወረቀት አለኝ። የመጀመሪያውን ልቅደደው?»

«አትቅደድ። አያይዛቸው» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ለምርመራ ጠርተውኝ አያውቁም፤ ልክ ናቸው። እኔም ተከስሼ ቀረብኩ፣ ተቀጣሁ፣ ቅጣቴን ተቀበልኩ። ፍፁም ስላወዛወዘ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት መንጃ ፈቃዱ ተመለሰለት። ወደ ሙሽራዋ ቤት ከሽማግሌዎቹ ጋር እኔም ሄድኩ። አባቷ ለሰዓት ያህል ሰላምታዬን እንኳ አልተቀበሉም። ልጅቷ ግን በጀሶ የታሰረ ክንዷን አቅፋ መጣችና «እርስዎ ነዎት እንዴ መካኒኩ? ቢያንስ አንድ ሰው በራሱ እግር መጥቶ እኔ ነኝ አለ» አለች። አባቷ ተነሥተው እጃቸውን የሰጡኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወደ ሌላው ሥራዬ ዞርኩ። ላስቲክ አውጥቼ ናይሎን የገጠምኩላቸውን ትንንሽ መኪኖች አንድ በአንድ አስታወስኩ። ዓዲ ሓቂ ያሉ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች አሉበት፣ ነጋዴዎች አሉበት፣ አንድ ቄስም አሉበት። ስልክ ደወልኩ፣ ያልተገኘውን ቤቱ ሄድኩ። «ደህና የምትሄድ መኪናዬን ለምን ትነካብኛለህ?» ያለኝ ብዙ ነው። አንዱ አስተማሪ «አያ ጌታሁን፣ ጃጁ እንዴ?» አለኝ። ካወረድኳቸው ሁለቱ ላይ ማቀፊያው ሥር ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አገኘሁ። አንዷ የዚያው አስተማሪ መኪና ነች። ስንጥቁን በዓይኑ ካየ በኋላ ስለ መጃጀት አላነሣብኝም። ሁሉንም ወደ ለስላሳ ላስቲካቸው መለስኳቸው። ጠንካራ ቡሽ መጥፎ ነው አልልም። የመሪው ሳጥን ላይ ጥሩ ነው፣ የፊተኛው ዓይን ላይም ይሆናል፤ የኋለኛው ላይ ግን እንኳን እኔ ጠላቴም አይግጠም። የሸሹኝ ደንበኞች ነበሩ። የቀሩት ግን ከበፊቱ ይበልጥ አመኑኝ፣ ለምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ፍፁም አልመጣም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ አየሁት፤ መንገድ ተሻገረ። ለተብርሃን «ጊዜ ስጠው» ትለኝ ነበር። ሰጠሁት እንጂ ምን ላደርግ። የሚያሳርር ነገር ነው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፤ የገዛ ልጄ ቢያኮርፈኝ እንደዚያ አልሆንም።

በአምስተኛው ወር አካባቢ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ቀይዋ መኪና በጭነት መኪና ላይ ተጭና መጣች። ፍፁም ከጋቢናው ወረደ። አንድ ክራንች ብቻ ቀርቶታል። ሰላምታም አልሰጠኝ። ጫኞቹ በሩ ላይ አወረዷትና ሄዱ። እሱ መኪናዋን ተደግፎ ቆመ።

«ሌሎች ሦስት ጋራዥ ሄጄ ነበር» አለኝ። «ሁሉም ያለምንም ችግር እንሠራልሃለን አሉኝ።»

«ጥሩ መካኒኮች ናቸው» አልኩ። እውነትም ጥሩ ናቸው።

«ናቸው። ግን ቢሳሳቱ አይነግሩኝም።» ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «እርስዎ ዘግይተውም ቢሆን ነገሩኝ። ይቅር አላልኩዎትም። ይሥሯት።»

እንባዬ መጣ፤ ሽማግሌ ሰው ፊቱን የሚደብቅበት ቦታ ደግሞ መኪና ሥር ብቻ ነው። ጉልበቴ እየጮኸ ተንበረከክሁ። ከዚያ ቀና ብዬ «ና፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በልና ንገረኝ» አልኩት። «እንዴት ነው የምትነዳት?»

ክራንቹን አስቀምጦ እግሩን እየጎተተ መሬቱ ላይ ተቀመጠ፤ መናገርም ጀመረ። ሲነግረኝ እኩለ ቀን ሆነ፤ እኔም እስኪጨርስ ድረስ ቁልፍ አላነሣሁም።